ውሃ ጠጪ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። እኛ ምክሬ ነበር የምንላት። መጀመሪያ ለሹፈት ነው የወጣላት፤ ኋላ ሹፈቱ ተረሳና ስም ሆኖ ቀረ። የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስመሩ መጨረሻ፣ ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ አምፖል ሥር ቆማ የተሰፋውን ሱሪ እያገላበጠች ጉድለቱን ትፈልጋለች። ያመለጠ ስፌት፣ የተንጠለጠለ ክር ወይም ዘመም ያለ ኪስ ካየች ቀይ ወረቀት ትለጥፍበትና ወደ ሰፊዋ ትመልሰዋለች። እኔ ከእሷ ቀጥሎ ካውያ ላይ ነኝ። እሷ ያሳለፈችውን እተኩሳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ስለቆምን፣ ይህን የምናገረው ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው።

ሱሪ ላይ ጉድለት መፈለግ የለመደ ዐይን ሰው ላይም ከመፈለግ አያርፍም። እኔን፣ «አንቺ፣ ወገብሽን ቀና አድርጊ፣ ካውያው እንደሆነ ጥሎሽ አይሄድ» ትለኛለች። ምሳ ሰዓት ላይ የአንዷን ብርጭቆ ታይና፣ «ይሄ ሁሉ ስኳር ለሻዩ ነው ወይስ ለጉንዳኑ?» ትላለች። ሌላዋን ደግሞ፣ «ደመወዝሽን በተቀበልሽ ቀን ገበያ አትውጪ። ሦስት ቀን ካሳደርሽው ካማረሽ ነገር ግማሹ ይረሳሻል» ትላታለች። የምታበሳጨው ትክክል ስለነበረች ነው። ሦስት ቀን አሳድሬ ሞክሬዋለሁ፤ እውነትም ይረሳል።

ባልም ልጅም አልነበራትም። የምትከራያት ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና መጽሐፍ የሞላባቸው ሦስት ካርቶኖች አሉ። መጽሐፎቹን ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ነው የምትለቅማቸው፤ የአንዳንዶቹ ሽፋን ተገንጥሏል፣ የሌሎቹ መጨረሻ ገጽ የለም። ስለ ጤና፣ ስለ ቁጠባ፣ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያሻሽል የሚያወሩ ናቸው። አባቷ ሲሞት ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ ነው ሥራ የገባችው። «የተቋረጠውን ራሴ እየጨረስኩት ነው» ትል ነበር። «ፈተና የለው፣ መውደቅ የለው፣ ምን ይጎድለኛል?»

ምሳ ክፍላችን ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ የሰቀለችው በአንዲት የቆረጣ ክፍል ሴት ምክንያት ነው። ሴትየዋ ልጇ ታሞባት ፈቃድ ጠየቀች። ቢሮ ወረቀት ሰጥተው ፈርሚ አሏት፣ ፈረመች። ከሳምንት በኋላ ስትመለስ ጥበቃው በር ላይ አቆማት። የፈረመችው «በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ነበር። ማንበብ አትችልም። እዚያው በሩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ከመስኮት አየናት። ምክሬ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። በማግስቱ ከዕቃ ግምጃ ቤት ቁራጭ ጣውላ ለምና ጥቁር ቀለም ቀባችና ምሳ ክፍሉ ውስጥ እጅ መታጠቢያው አጠገብ ሰቀለችው።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ፣ ደወል ሳይደወል፣ አራት አምስት መስመር በጠመኔ ትጽፍበታለች። አንድ ቀን ስለ ጥርስ፣ አንድ ቀን ስለ ዕቁብ ሳይሆን ስለ ራስ ቁጠባ፣ አንድ ቀን ደግሞ ንዴት ሲመጣ ከመናገር በፊት እስከ አሥር ስለመቁጠር። ከምሳ ሰዓታችን የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት ወስዳ ደግሞ ማንበብ ለማይችሉት ፊደል ታስቆጥራለች። ዘጠኝ ሆነው ጀመሩ፣ አራት ቀሩ። ከአራቱ አንደኛዋ ቁልፌ ነበረች።

ቁልፌን ሁላችንም እንወዳት ነበር። ሥራዋ ሱሪው ላይ ቁልፍ የምትተክለው ማሽን ላይ ነው፤ ስሟም ከዚያ ነው የመጣው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባሏ ለሳኝ ስለሆነ ግንባታ ባለበት ሁሉ እየዞረ ወር ሁለት ወር ይጠፋል፤ እሷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ሳቋ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ይሰማል። ፊደል በጀመረች በስምንተኛ ወሯ ሰሌዳው ፊት ቆማ «እጅ-ሽን በ-ሳሙና ታጠቢ!» ብላ እንደ ዐዋጅ ነጋሪ ጮኸች። ምሳ ለመቀበል የተሰለፈው ሴት ሁሉ እጁን ወደ ላይ አንስቶ አሳያት። ምክሬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው።

በሳምንቱ ቁልፌ ደብተር ገዛች። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሁሉ በየቀኑ ትገለብጣለች። «ለእማዬ ላነብላት ነው» አለችኝ። «ማታ ማታ አስተማሪዋ ሆኛለሁ። ስታዳምጠኝ ብታዪያት፣ አፏን ከፍታ!» ምክሬ ስለ እሷ ሲነሳ «ልጄ ናት» ማለት ጀመረች። እኛም አላሾፍንም።

ከዚያ ቁልፌ አረገዘች።

በአራተኛ ወሯ አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳ ታየች። ሁሉም ደህና ነው፣ በየወሩ ተመለሺ አሏት። መመለሱ ግን በአለቃችን በኩል ነው የሚያልፈው። አለቃችንን ሰዓቱ ነው የምንለው፤ ሲናገርም ሲሰማም ዐይኑ ክንዱ ላይ ነው። አንድ ቀን የቀረች ሴት በወሩ ጨርሶ ሳይቀሩ ለሚሠሩት የሚሰጠውን አበል ታጣለች። ቁልፌ ደግሞ ለልጁ የሚሆን ነገር ለመግዛት ያንን አበል እየጠበቀች ነበር። «ደህና ነኝ እኮ፣ ምን ብዬ ልሂድ?» አለች። በአምስተኛውም፣ በስድስተኛውም፣ በሰባተኛውም ወር አልሄደችም።

ስምንተኛውን ስትጀምር፣ አንድ ሰኞ ምሳ ላይ ምክሬ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። እኔ ከፊታቸው ነበርኩ።

«እትዬ፣ ራሴን እያመመኝ ነው» አለች። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። ከግንባሬ አይወርድም።»

«ውሃ ጠጥተሻል?»

«እሱንማ እዚህ መቼ ተነስቼ? ሰዓቱ ሽንት ቤት ስሄድ ይቆጥርብኛል።»

«እንግዲያው እሱ ነው። ውሃ ያጣ ሰውነት መጀመሪያ የሚጮኸው ራስ ላይ ነው።»

«እግሬም አብጧል። እዪው፣ ጫማዬን ረግጬው ነው የመጣሁት።»

ምክሬ ጎንበስ ብላ አየች። እኔም አየሁ። ተረከዟ ከጫማው ውጭ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቷ ጠፍቷል።

«ነፍሰ ጡር ስትሆኚ እግር ያብጣል፣ ያለ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ እየዋልሽ ምን ይሁን? ጨው ቀንሺ። ማታ ስትተኚ ከእግርሽ ሥር ትራስ አድርጊ። መጽሐፉ ላይ አለ፣ ነገ እጽፍልሻለሁ።»

በማግስቱ ጻፈች። ጽሑፉ ዛሬም ዐይኔ ላይ አለ። «ራስሽን ሲያምሽ ወደ መድኃኒት አትሩጪ፤ በመጀመሪያ ውሃ ጠጪ። እግርሽ ሲያብጥ ጨው ቀንሺ፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ። ሰውነትሽን ካዳመጥሽው ራሱን ያክማል።» ቁልፌ ቆማ ገለበጠችው።

ሳምንት አለፈ። ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዛ እየመጣች ትጠጣለች። ፊቷ ሞላ፣ ዐይኖቿ ጠበቡ። እኔ ምን እንዳልኳት ልናገር፣ ምክሬን ብቻ አላስወቅስም፤ «ኧረ አማረብሽ! ባልሽ ሲመጣ ሌላ ሴት መስለሽው እንዳይመለስ» አልኳት። ሳቀች። ሳቋ እንደ ድሮው አልነበረም፣ ግን ልብ አላልኩትም።

ሐሙስ ዕለት እንደገና ወደ ምክሬ መጣች። «ዐይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። ዛሬ ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት አምስቴ ሞከርኩ።»

ምክሬ ሱሪ እያገላበጠች ነበር። ሰዓቱ ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ቆሞ ያየናል። ቀና ሳትል፣ «ዐይንሽ ደክሞታል» አለቻት። «ቅርብ ቅርቡን ብቻ ሲያይ የዋለ ዐይን እንደዚያ ይሆናል። በየመሃሉ በመስኮት ሩቅ ተመልከቺ። በቀዝቃዛ ውሃም ታጠቢው።»

«እሺ እትዬ» ብላ ሄደች። ከዚያ ጀምሮ ማሽኗን እያቆመች በመስኮቱ ወደ ውጭ ስትመለከት አያት ነበር። ከመስኮቱ ማዶ ያለው የሌላ ፋብሪካ ግድግዳ ነው።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ የቁልፌ ማሽን ሳይቆም አንድ ቦታ ላይ መምታት ጀመረ። ታ-ታ-ታ-ታ ይላል። እዚያ ያለን ሁሉ የየማሽኑን ድምፅ እናውቃለን፤ ቀና አልን። ቁልፌ ከወንበሯ ወደ ጎን ወድቃ፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ ተጣብቆ ይንቀጠቀጣል። መንጋጋዋ ተቆልፏል፣ ዐይኗ ተገልብጧል። አንዷ «የሚጥል በሽታ ነው፣ አትንኳት» አለች። ሌላዋ «ኧረ እርጉዝ ናት!» ብላ ጮኸች። ምክሬ እንዴት እዚያ እንደደረሰች አላየሁም፤ ሳይ ግን መሬት ተቀምጣ የቁልፌን ራስ ጭኗ ላይ ይዛለች። ሰዓቱ ሰዓቱን አላየም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ አየሁት።

አምቡላንስ ቢጠራ ሊዘገይ ነው ተብሎ ሱሪ በሚጭነው መኪና ነው የሄደችው። ከኋላ፣ በታሰሩ ሱሪዎች ላይ አስተኛናት፤ ምክሬና እኔ አብረን ወጣን። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ያንኑ መንቀጥቀጥ ደገማት። ምክሬ «ልጄ፣ ልጄ፣ ስሚኝ» ትላለች። ሌላ ነገር አላለችም። ያቺ ለሁሉ ነገር መላ የነበራት ሴት፣ ያን ቀን አፏ ላይ አንድ ቃል ብቻ ቀረ።

ሆስፒታሉ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ልጁን አወጡት። ሴት ናት፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል አታልፍም፣ ግን በሕይወት ነበረች፤ ወደ ሙቀት ክፍል ወሰዷት። ቁልፌ አልነቃችም። ሐሙስ ጠዋት አለፈች።

አርብ ዕለት ፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ባደረባት ድንገተኛ ሕመም» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ምክሬ ወረቀቱ ፊት ረጅም ጊዜ ቆመች። «ድንገተኛ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ስትነግረኝ።»

«አንቺ ሐኪም አይደለሽም» አልኳት።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ።»

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሌለን፣ ጤና ጣቢያ ልሂድ፣ አብረሽኝ ሂጂ አለችኝ። እናቶችን የምታየው አዋላጅ ነርስ ወጣት ናት፣ ከሠላሳ አትበልጥም። ጠረጴዛዋ ላይ ካርዶች ተቆልለዋል። ምክሬ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ራሷን ሳታስገባ ነገሩን ሁሉ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነገረቻት፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት፣ ራስ ምታት፣ የእግርና የፊት እብጠት፣ ዐይን ላይ ብልጭታ፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ።

ነርሷ ጽሑፏን አቆመች። «እነዚህን ምልክቶች ይዛ ስንት ቀን ቆየች?»

«ሁለት ሳምንት።»

«ለምን አልመጣችም?»

«ውሃ ጠጪ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ ብለዋት።»

«ማነው ያላት?» ነርሷ ተቆጣች። «እናቴ፣ ይሄ የደም ግፊት ነው፣ እርግዝና የሚያመጣው። ክንዷ ላይ መለኪያውን አስረን ለማወቅ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጅብን። መድኃኒት አለው። ማን እንደዚህ ብሎ መከራት?»

ምክሬ እጇን አየችው። «እኔ ነኝ፣ ሲስተር።»

ኮሪደሩ ላይ ሕፃን ያለቅሳል። ነርሷ እርሳሷን አስቀመጠች። ማጽናናት ትችል ነበር፣ አላደረገችውም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ።

«ቀድማ ብትመጣ ትድን ነበር?» አለች ምክሬ።

«እርግጠኛ ሆኜ አልነግርዎትም። በጊዜ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ይድናሉ።»

«መጽሐፉ ላይ ያለው ውሸት ነበር?»

«ውሸት አይደለም። ለደከመው ሰው ልክ ነው። ለእሷ አልነበረም የተጻፈው።»

ከዚያ እንደወጣን ምክሬ ወደ ቤት አልተጠመዘዘችም። የት ነው ስላት፣ «እናቷ ጋ» አለችኝ። እጇን ይዤ ለመንኳት። ማንም አያውቅም፣ ማንም አልጠየቀሽም፣ የሞተችው አትመለስ፣ ለእናቲቱ ሌላ ቁስል ልትጨምሪባት ነው ወይ? ብዙ አልኩ። ሰማችኝና መንገዷን ቀጠለች።

ማታ የሚሰበሰበው ለቀስተኛ ገና አልመጣም ነበር፤ የቁልፌ እናት በር ላይ ዝቅ ባለች መቀመጫ ላይ ነበረች። ሕፃኗ ገና ሆስፒታል ናት፤ እናትየው ቀን ቀን እዚያ ውላ መመለሷ ነበር። አማቿ ከሄደበት ሥራ ቢመጣም ከሰው ጋር መነጋገር ስላቃተው ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ምክሬን ስታይ ተነሥታ አቀፈቻት። «አስተማሪዋ፣ ነይ፣ ነይ ግቢ» አለች። «ስምሽን ሳትጠራ አትውልም ነበር።»

ምክሬ አልተቀመጠችም። እዚያው ቆማ፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ራስ ምታቱን፣ እግሩን፣ ዐይኑን፣ እሷ ምን ብላ እንደመለሰች፣ ነርሷ ምን እንዳለች። አንዲት ቃል አልቀነሰችም፣ ለራሷም ማመካኛ አልጨመረችም።

ስትጨርስ እናትየው ወደ ውስጥ ገባችና ደብተሩን ይዛ ወጣች። ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል።

«አንብቢልኝ» አለች።

«እናቴ፣ እባክዎ...»

«እኔ ማንበብ አልችልም። የትኛው ነው? አንብቢልኝ።»

ምክሬ ገጹን ፈለገች። የቁልፌ ፊደል ትልልቅ ነው፣ አንዳንዱ ተገልብጧል፣ መስመሩን ጥሎ ይወርዳል። ምክሬ የራሷን ቃል ከሟቿ የእጅ ጽሑፍ ላይ ማንበብ ጀመረች። «ራስሽን ሲያምሽ ወደ መድኃኒት አትሩጪ...» እዚያ ላይ ቆመች። እናትየው «ጨርሺው» አለች። ጨረሰችው። «ሰውነትሽን ካዳመጥሽው ራሱን ያክማል» የሚለው ላይ ስትደርስ የምትናገረው አይሰማም ነበር።

«ሐኪም ቤት እንሂድ ብያት ነበር» አለች እናትየው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር። «አንድ ቀን አይደለም፣ ሦስት ቀን። 'እማዬ፣ አንቺ አታነቢም፣ አታውቂውም' አለችኝ። 'እትዬ ከመጽሐፍ አይታ ነው' አለችኝ። እኔም አፈርኩ። ልጄ ማንበብ ስለቻለች ከእኔ ትበልጣለች ብዬ ዝም አልኩ።»

ደብተሩን ከእጇ ተቀበለቻት።

«ስለነገርሽኝ አላመሰግንሽም» አለች። «አሁን ሂጂልኝ። ሁለተኛ ይሄን በር እንዳትረግጪ።»

ሰኞ ምክሬ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። ከዚያ በኋላ አልጻፈችበትም። ፊደል የሚቆጥሩት ሦስቱ ሴቶች መጥተው ቢቀመጡም ትታቸው ወጣች። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ሰዓቱ የቀኑን የሱሪ ብዛት ይጽፍበት ጀመር። አንዷ የልጇን ሳል፣ አንዷ የራሷን ወገብ፣ አንዷ የባሏን ጠባይ ይዛ ስትመጣ መልሷ አንድ ነው፤ «አላውቅም።» ከሁሉም ጋር እንዲህ ሆነች። የሆነውን የማያውቁት «ኮራች» አሉ። እኔ ዝም አልኩ፤ እንዳልናገር አስምላኝ ነበር።

አምስት ወር ሆኖት ይሆናል፣ አንድ ጠዋት፣ ኪስ ከሚሰፉት መሃል ያለች አንዲት ነፍሰ ጡር ግንባሯን ይዛ ማሽኗ ላይ አቀረቀረች። ምክሬ የያዘችውን ሱሪ ጣለች። ሄዳ ልጅቷን ክንዷን ያዘችና አስነሣቻት።

«የት ነው?» አለ ሰዓቱ መንገድ ዘግቶ።

«ጤና ጣቢያ።»

«ፈቃድ የታለ?»

«ሂድና ጻፈው» አለችውና አልፋው ወጣች። ሃምሳ ሴት ማሽኑን አቁሞ ያያል።

በዚህ ጊዜ ነርሷ ለክታ አንድም ችግር አላገኘችም። ግፊቱም ሽንቱም ልክ ነበር፤ ልጅቷ እንቅልፍ አጥታ ነው። የወሩ አበል ግን ቀረባት። ወደ ፋብሪካው ስትመለስ ሁላችንም እየሰማን ምክሬን ሰደበቻት። «የራስሽ ልጅ የለሽ፣ የሰው ሆድ ምን አገባሽ? ያንቺ እብደት ነው ደመወዜን የሚበላው?» ምክሬ ቀይ ወረቀቷን እየለጠፈች አዳመጠቻት። ስድቡ ሲያልቅ፣ «እንደገና ካመመሽ እንደገና እወስድሻለሁ» አለቻት።

በዚያ ዓመት ሰባት ሴቶችን እንዲህ ይዛ ወጥታለች። አምስቱ ምንም አልነበረባቸውም። አንዷ ደም አንሷት ኪኒን ተሰጣት። ሰባተኛዋ፣ የተተኮሰውን ሱሪ የምትጠቀልል አንዲት ዝምተኛ፣ ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘና ከዚያው ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ ወልዳ ከልጇ ጋር ወጣች። ይህ ሲነገራት ምክሬ ደስ ያላት መስሎኝ ፊቷን አየሁ። «ሰባተኛዋ ለምን መጀመሪያ አልሆነችም» ነው ያለችው።

በመጀመሪያዋ ሴት ምክንያት ምክሬ ላይ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። በሦስተኛዋም ጻፉባት። ከሰባተኛዋ በኋላ ቢሮ ጠርተው ወረቀት ሰጧት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ «በራሴ ፈቃድ» የሚለውን ሰርዛ «ተባርሬ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ካውያዬ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ከራሷ በላይ የተንጠለጠለውን አምፖል አጥፍታ ወጣች። እኔ ከእሷ ጋር አልወጣሁም። ሁለት ልጆች አሉኝ።

አሁን እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ነርሷ ናት ያስገባቻት። ደመወዙ ከፋብሪካው ያንሳል። ክፍሏን ለቅቃ ከሌላ ሴት ጋር ተዳብላ ትኖራለች፤ መጽሐፎቹ የት እንደደረሱ ጠይቄያት አልመለሰችልኝም። እጆቿ በወለል ማጽጃ መድኃኒት ተላልጠዋል፣ ጉልበቷም ያማታል። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አየኋት። ወለሉን እየወለወለች ከምርመራ ክፍል የሚወጡትን ሴቶች ፊት ታያለች። አንዷ ወረቀት ይዛ ግራ ተጋብታ ስትቆም፣ «ገብቶሻል?» አለቻት።

«እ... አዎ... ምን እንደሆነ እንጃ። አንቺ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቅም። ተመልሰሽ ግቢና ጠይቂያት። እስኪገባሽ አትውጪ።»

ሴትየዋ ተመልሳ ገባች። ምክሬ መወልወያዋን አጥባ ቀጠለች።

የቁልፌ ልጅ ተርፋለች። ሁለት ዓመት አልፏታል፤ አንዷ ዐይኗ እምብዛም አያይም ይላሉ፣ ግን ትሄዳለች። አያቷ ለክትባትና ለምርመራ እዚያው ጤና ጣቢያ ታመጣታለች። በዚያ ኮሪደር በኩል እንጂ በሌላ አይታለፍም። ያን ቅዳሜም መጡ። ምክሬ ከሩቅ አየቻቸውና ባልዲዋን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገች፣ እሷም ጠጋ አለች። ልጅቷ እርጥቡ ወለል ላይ እንዳትንሸራተት አያቷ አነሣቻት። አሮጊቷ ሰላም አላለችም፣ ዐይኗንም አላዞረችም። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው ወይ ብዬ ምክሬን ብጠይቃት፣ «ሁልጊዜ» አለችኝ፣ ጎንበስ ብላ የረገጡትን እየወለወለች።